የሚንሸራተተው ኮረብታ

በዚያ ዓመት ብሬንስቪክ በተባለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ እንደ አይቪን የተጠላ ሰው አልነበረም።

አይቪን የመሬት አጥኚ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከኦስሎ ያስመጣው ከመንደሩ በላይ ያለው ኮረብታ ቤት መሸከም ይችል እንደሆነ እንዲመረምር ነበር። ቤቶቹን ሊሠራ ያሰበው ትሪግቬ የሚባል ተቋራጭ ሲሆን ሲያልቁ የሚከራዩት ለዓሣ ፋብሪካው ሠራተኞች ነው። ሠራተኞቹ ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። እስከዚያው ድረስ ፋብሪካው አጠገብ በተደረደሩ ኮንቴይነሮች ውስጥ ይኖራሉ።

አይቪን ገና ከመምጣቱ በትሪግቬ ጀልባ ላይ ታየ። ሁለቱ ከኮረብታው ግርጌ ባለው ባሕር ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ዋሉ። በገመድ የታሰረ ዕቃ ወደ ውኃው ይሰዳሉ፣ ያወጣሉ፤ መልሰው ይሰዳሉ። በመሃል ሽሪምፕ እየላጡ ይበላሉ፤ ቅርፊቱን ከጀልባዋ ውጭ ይተፋሉ።

«ይሄ ነው እንግዲህ ምርመራው!» አለች የሱቋ ባለቤት። «በሰው ድግስ የጠገበ አፍ ምን እውነት ይወጣዋል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አይቪን ሱቅ ሲገባ ወሬው ይቋረጣል። ዳቦ ሲጠይቅ ዳቦ አልቋል።

ቱሪድ ግን በሰው ላይ አታሾፍም። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ የመንደሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት። ቤቷ ከኮረብታው ሥር ነው፤ ትልቁ መስኮቷ ሽቅብ ኮረብታው ላይ ወዳለው ጥድ ያያል። እሑድ እሑድ ጎረቤቶቿን እዚያ ሰብስባ ዋፍል የሚባለውን ለስላሳ ቂጣ በቡናማ አይብ እያቀረበች ታስረዳቸው ነበር።

«አንዳንዱ አፈር ሲያዩት ደረቅ ነው» ትላለች። «የነኩት ቀን ግን እንደ ገንፎ ይላላል። ቤቱንም፣ መንገዱንም፣ የተኛውንም ሰው ይዞ ይወርዳል። በዜና አይታችኋል። እኔ የምለው፣ ድሃ ስለሆኑ እዚያ ላይ ይሰቀሉ?»

አንድ እሑድ ዳይቫን አስጠራቻት። ዳይቫ ከሊትዌኒያ የመጣች የዓሣ ራስ ቆራጭ ናት፤ ከአዲሶቹ ቤቶች የመጀመሪያው የተመደበው ለእሷ ነበር። ልጇን ኡግኔን ይዛ መጣች። ሕፃኗ ታስላለች፤ የኮንቴይነራቸው ግድግዳ በሻጋታ ጠቁሯል፣ ፍራሹን ሲያነሡት ከሥሩ ውኃ ይንጠባጠባል። ዳይቫ ልብሷ ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት በር ላይ ቆማ ተሸማቀቀች። ቱሪድ ወንበሩ ላይ ንጹሕ ፎጣ አነጠፈችላት፣ አስቀመጠቻት፣ ለሕፃኗም የሞቀ ዋፍል አስጨበጠቻት።

«ቤቱ እንደሚያጓጓሽ ይገባኛል፣ የኔ ልጅ። ግን ይቺን ሕፃን አፈር ሲውጣት ቆሜ ልይ?»

የዳይቫ ዐይን በእንባ ሞላ። «እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ስለ እኛ የተጨነቀ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለች። «ምን ላድርግ? እርስዎ ይንገሩኝ።»

«በመንደሩ ስብሰባ ላይ ተናገሪ። ከኔ ይልቅ ያንቺን ይሰማሉ።»

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተደረገ። አይቪን መድረኩ ላይ ወጥቶ ተናገረ፤ ንግግሩም አጭር ነበር።

«ከላይ ትንሽ አፈር አለ። ከዚያ በታች ዐለት ነው፤ እስከ ባሕሩ ወለል ድረስ። የሚንሸራተት ነገር የለም።»

«ሽሪምፑ እንዴት ነበር?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አይቪን ጆሮው ቀላ፤ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። አጠራረጉ ሰዉን ይበልጥ አስጠየፈው።

ዳይቫ ተነሣች። ወደ አይቪን ዞረች።

«አንተ ልጅ አለህ?»

«አለችኝ።»

«እዚያ ኮረብታ ላይ ታስተኛታለህ?»

«ዛሬውኑ» አለ አይቪን።

«ቱ!» አለ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፤ እውነትም ወለሉ ላይ ተፋ። «በገዛ ልጁ የሚነግድ!»

ቤቶቹ እንዳይሠሩ በድምፅ ተወሰነ። ሰዎቹ ዳይቫን ተራ በተራ አቀፏት። ቱሪድ ግንባሯን ሳመቻት።

ውጭ የአይቪን መኪና መስተዋት የዓሣ አንጀት ተደፍቶበት ነበር። አይቪን ጨርቅ ስላልነበረው በእጁ ይገፋው ጀመር፤ ያ ዝልግልግ ነገር በጣቶቹ መሃል ይንሸራተታል። ሁሉም እያየው አለፈ። ዳይቫም ልጇን አቅፋ ስታልፍ ቀና ብሎ አያት፤ ፊቷን አዞረችበት።

ቤቷ ገብታ የልጇን አልጋ ከጠቆረው ግድግዳ ፈቀቅ አደረገች። ፈቀቅ ማለት የሚቻለው ግን ጥቂት ነው፤ ማዶ ያለውም ግድግዳ ጠቁሯል። «ከመቀበር ይሻላል» አለች ለራሷ።

ትሪግቬ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ብርዱ ሲጠና ኡግኔ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ገባች። ቱሪድ የሱፍ ካልሲ ሠርታ ላከችላት፤ ዳይቫም ካልሲውን ለነርሶቹ ሁሉ አሳየች።

በረዶው ከቀለጠ በኋላ ቱሪድ ለወንድ ልጇ ቤት ማሠራት ጀመረች፤ እዚያው ኮረብታ ላይ መሠረት ሊያወጣ የመጣው ቆፋሪ መሰርሰሪያው ሲሰበርበት ተቆጣችው። «ድማሚት ይዘህ ና ብዬህ አልነበር? ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ድፍን ዐለት ነው!»