ምልክት የሌለበት መዞሪያ

ኦርፋ ሊንድክቪስት መሪውን እንደ በግ ቀንድ ጨብጣ ፈታኙን ትጠብቃለች። የድሮ መንጃ ፈቃዷ ጊዜው አልፎበታል፤ በፈተናውም አራት ጊዜ ወድቃለች። ዛሬም ከወደቀች ዓመት ጠብቂ ይሏታል። ከተራራው ማዶ አልጋ ላይ የዋለችው እህቷ አዮን ደግሞ ዓመት የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። ወደዚያ አገር አውቶቡስ የሚባል ነገር አይሄድም።

ፈቃድ ለሌለው ሰው ያለፈታኝ መንዳት ክልክል ነውና፣ መኪናዋን እስከ ፈተና ጣቢያው በር የነዳችላት ጎረቤቷ ቬልማ ናት። ቬልማ ዶናት ልትገዛ ወርዳ፣ ተመልሳ በመስኮት አንገቷን አሰገገች።

“ስሚኝ አንቺ! እነዚህ ፈታኞች ተንኮለኞች ናቸው አሉ። የተከለከለ ነገር አድርጊ ብለው ያዙሻል፤ እሺ ካልሽ አለቀልሽ!”

“ምን ብለው?”

“መብራት ያለበት መስቀለኛ ላይ ‘ዙሪና ተመለሺ’ ይሉሻል። እኛ ኦሪገን ደግሞ ‘መዞር ይቻላል’ የሚል ምልክት ካልተሰቀለ ክልክል ነው። የባሌ እህት በዚህ ነው የተበላችው።”

“እኔን አይበሉኝም!” አለች ኦርፋ።

ቬልማ እንደሄደች፣ ክራቫት ያሰረ ጎልማሳ እያለከለከ ከቢሮው ወጣ። የኋላውን በር ከፈተ። ወንበሩ ላይ የፒር ፍሬ ሣጥን ተቆልሏል። መልሶ ዘጋው። “ይኸው፣ ከአሁኑ መኪናዬን ፈተሸ” አለች ኦርፋ በሆዷ። ሰውዬው ከፊት ገብቶ ቀበቶውን አሰረ።

“ነጯ ካምሪ፣ እርስዎ ነዎት አይደል?”

“ነኝ እንጂ ጌታዬ፣ ከነነፍሴ!”

አልሳቀም። “እንሂድ” ብሎ ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

ኦርፋ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነዳች። ግራ ሲላት ግራ፣ ቀኝ ሲላት ቀኝ።

“ትንሽ ፈጠን ማለት አይቻልም?”

“ከተፈቀደው በላይ? በፍጹም!”

ተነፈሰና ስልኩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። “ጻፈልኝ!” አለች በልቧ።

ትልቁ መስቀለኛ ላይ ሲደርሱ ሰውዬው ከወንበሩ ብድግ አለ።

“ውይ፣ አለፍነው! እዚህ ጋ ይዙሩ! ይመለሱ!”

ይኸው መጣ! ኦርፋ ሽቅብ መብራቱን አየች፤ ግራ ቀኙን አየች። ምልክት የለም።

“አልዞርም።”

“ምን አሉኝ?”

“ምልክት የለም፣ ጌታዬ። አልዞርም።”

“መንገዱ ጭር ብሏል እኮ! እኛ ካሊፎርኒያ ‘አትዙሩ’ የሚል ካልተጻፈ ሰው ሁሉ ይዞራል!”

ካሊፎርኒያን መጨመሩ ደግሞ ተንኮሉን አሳመረው። “እሱን እዚያው ይንገሯቸው!” አለችና አረንጓዴው መብራት ሲበራ ቀጥ ብላ አለፈች።

“እማማ፣ በሞቴ! ብዘገይ እንጀራዬ ነው የሚቀረው!”

ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ኦርፋ እንዲህ የተዋጣለት ተንኮል አይታ አታውቅም፤ በውስጧ አደነቀችለት። በደንቡ ዞራ ልትመለስ በቀኝ ታጠፈች፤ ደግማ በቀኝ፤ ደግማ በቀኝ፤ በመጨረሻም በግራ። መሃል ላይ አንድ ሽማግሌ ከነውሻቸው ሲሻገሩ ቆመች። ውሻው አስፋልቱን ሊያሸት ሲቆም እሱንም ጠበቀችው። ሰውዬው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

“ተሸነፈ” አለች ኦርፋ፣ ሳቋን እያፈነች።

“እዚህ ያቁሙ” አላት በመጨረሻ፣ አንድ ባለመስታወት ሕንጻ ፊት ለፊት። ከጠርዙ ጋር ልክክ አድርጋ አቆመች። ፈተናው ከተነሱበት እንዲህ ርቆ ማለቁ ትንሽ ገርሟታል፤ አዲስ ደንብ ይሆናል።

“እንግዲህ አይደብቁኝ ጌታዬ” አለች፣ ሞተሩን አጥፍታ። “እህቴን ልያት ወይስ ቀረብኝ?”

ሰውዬው አንድ እግሩን አውጥቶ፣ ስልኩን እያየ ደርቆ ቀረ። ቀና ብሎ አያት። ደግሞ ስልኩን አየ።

“እማማ፣ የጠራሁት ታክሲ አሁንም እዚያው ፈተና ጣቢያው በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኩህ ነው ይለኛል፤ እርስዎ ታዲያ ማን ነዎት?”