ለጉጉት የተቀመጠ ሥጋ

የመድኃኒት ድልድል ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ሊምፎማ ከሚባለው የንፍፊት ካንሰር ዓይነቶች ሁሉ መድኃኒት የሚሰጠው ሆጅኪን ለተባለው ብቻ ነው፤ በአብዛኛው ይድናልና። ሌላው ዓይነት የተገኘበት ሰው ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ሥራዬ ዓይነቱን በማይክሮስኮፕ መለየት ነው። ሆጅኪን መሆኑን ለማወቅ፣ ሁለት ዓይኗን አፍጥጣ የምታይ ጉጉት የምትመስል ትልቅ ሕዋስ እፈልጋለሁ። የታናሽ ወንድሜን የእንዳሻውን ናሙና ዘጠኝ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አየሁ። የለችም።

ቤት ስደርስ እናቴ አጥሩ ላይ ጥሬ ሥጋ በሳህን አስቀምጣለች። ድሮ ጉጉት ከጮኸች «ክፉሽን ይዘሽ ሂጂ!» እያለች በድንጋይ ታባርራት ነበር። የሕዋሷን ነገር ከሰማች ወዲህ ግን ትለማመጣታለች።

«ትርሲትዬ፣ ትናንት ጣሪያችን ላይ ጮኸች!» አለችኝ ፊቷ በርቶ።

እንዳሻው ከመኝታው ሆኖ ሳቀ። «እማዬ፣ ሥጋውን ለኔ ስጪኝና እኔው ልጩህልሽ።»

«ዝም በል አንተ!» አለችውና ወደኔ ዞረች። «አየሻት አይደል?»

ሳህኑን ከአጥሩ ላይ አንስቼ፣ ሥጋውን ለወንድሜ ልጠብስለት ወደ ውስጥ ገባሁ።

እናቴ አልከለከለችኝም።