እሷ ያልጻፈችው ዓምድ

ፕሮግራመሯ ከታናሽ ወንድሟ ጋር በአንድ ቢሮ ትሠራለች፤ እሱ ማስታወቂያ ይነድፋል። ያን ቀን ጠዋት የደንበኞችን መረጃ ከማርኬቲንግ ሲስተሙ ልታወጣ «ደንበኛ» የሚል ክላስ፣ ማለትም የሠንጠረዥ ዓምዶችን የሚወስን ኮድ ጻፈች፤ ሦስት ዓምድ ብቻ፦ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል። ሠንጠረዡን ኮዱ ራሱ ይሠራላታል፤ እሷ ያልጻፈችው አይገባበትም። ለሙከራ የራሷንና የወንድሟን ስም አስገባች።

ሠንጠረዡ ሲከፈት አራተኛ ዓምድ ነበረው፤ «ቁስል» ይላል።

«አንተ ነህ የጨመርከው?» አለችው አጠገቧ የተቀመጠውን ወንድሟን።

«እኔን ምን አግብቶኝ!»

በእሱ ስም ትይዩ «ቀኝ እጅ፣ መስታወት» ተጽፏል።

«ሟርተኛ ኮምፒውተር ነው የሰጡሽ» ብሎ እየሳቀ ሊወጣ የመስታወቱን በር ሲገፋ፣ በሩ እላዩ ላይ ረገፈ። ቀኝ እጁ እስከ አጥንቱ ተተለተለ።

እሱ እየጮኸ፣ እሷ እጁን በሻርፗ ጠፍራ አሰረችለት። አምቡላንስ ጠርታ እስኪመጣ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሳ ሠንጠረዡን እንዳለ ደመሰሰችው። ወዲያው መልሶ ራሱን ሠራ። አሁን የተሞላው የእሷ ረድፍ ነው፤ «አንገት፣ ወንድም» ይላል።

ዞር አለች። ወንድሟ በደህና እጁ የመስታወት ስባሪ ጨብጦ ከኋላዋ ቆሟል፤ ያለቅሳል።

«እታለም፣ ሩጪ» አላት። «እጄ እምቢ አለኝ።»