ማለዳ የመጣው መምህር

በልጉ ሳይዘንብ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ገብሱ እሸት ሲይዝ ውርጭ መታው። ከበጎቹ እኩሌታው አለቀ። የጋራው ግጦሽ ጓሳ ባገሩ ሕግ ዝግ ነው፤ ቢቸግርም ሣሩን የሚነካ የለም።

ጥሩሸዋ ለሞላሌ ገበያ የተረፈውን የበግ ጠጉር እያሰረች ነው። ልጇ ፀደንያ ምድጃው ዳር ተቀምጣ የፖርቱጋል ቋንቋ ትማራለች። ወንድሟ ምንይሉ ሞዛምቢክ ሱቅ ከፍቷል፤ መጥታ ታግዘኝ፣ ቋንቋውን ግን ትንሽ ይዛ ትምጣ ብሏል። የሚያስተምራት ፈሪድ ነው፤ ከምንይሉ ጋር እዚያው ሠርቶ የተመለሰ የነጋዴ ልጅ። ሌላ ጊዜ የሚያስተምራት በገበያ ቀን፣ ሞላሌ ካለው ሱቁ ነው። ዛሬ ገና ወገግ ሲል በእግሩ መጣ።

አባቷ ኃይለመስቀል መደቡ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ መምህሩን ያየዋል።

«ዛሬ ተውሳከ ግሥ ነው» ይላል ፈሪድ። «ግሡ የተሠራውን ይናገራል። ይሄኛው እንዴት፣ የት፣ መቼ እንደተሠራ ይጨምርበታል። ‹ሌንቱ› ዝግተኛ ማለት ነው፣ ለወንድ። ለሴት ‹ሌንታ›። የሴቷን ትወስጂና ‹ሜንት› ትቀጥዪበታለሽ። ሌንታሜንት። በዝግታ።»

«የሴቷን ለምን?» ትላለች ጥሩሸዋ፣ ገመዱን በጥርሷ እየሳበች።

«ሕጉ ነው፣ እትዬ።»

«ሸክም ሲሆን ወደ ሴት ነዋ! እዚያም አገር አልቀረልን።»

ፀደንያ ትስቃለች። ፈሪድ አይስቅም። የሰጡትን ቆሎ በመዳፉ እንደጨበጠ ነው፤ አንድ ፍሬ አልቆረጠመም።

«አንዴ ከተሠራ አይለወጥም» ይላል። «ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ሰው ይሁን ብዙ፣ ቃሉ ያው ነው።»

ጥሩሸዋ እስሩን አዝላ ትነሳለች። ፈሪድም ብድግ ይላል።

«እትዬ፣ ትንሽ ይቆዩ። ነፋሱ ከባድ ነው።»

«የመንዝን ነፋስ አንተ ልትነግረኝ? ቆላ ተወልደህ!»

«ትምህርቱ ሲያልቅ አብረን እንሄዳለን። ጠጉሩን እኔ እሸከምልዎታለሁ።»

«ተሸካሚ መምህር ከተገኘማ» ትልና እስሩን ሳታወርድ ከበሩ ጥግ ትቀመጣለች።

ጎረቤታቸው ወለተ ኢየሱስ ገል ይዛ ትገባለች። «እሳት ልጫር» ትላለች። አንድ ፍም፣ ሁለት ፍም አይደለም፤ ምድጃውን ጠርጋ ትወስዳለች።

«አንቺ! ድግስ አለብሽ እንዴ?» ትላለች ጥሩሸዋ።

«ኋላ እመልሳለሁ» ትልና ዓይኗን ሳታነሳ ትወጣለች። ምድጃው ላይ አመድ ብቻ ይቀራል።

ኃይለመስቀል በተከፈተው በር ወደ ውጭ ያያል። ካጥሩ ማዶ ሰዎች ቆመዋል፤ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀዋል። አይነጋገሩም። ውሻው አልጮኸባቸውም፤ ሁሉንም ያውቃቸዋል።

በዚህ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። አስቀድሞ አንድ ሰው ይላካል። ምክንያት ፈጥሮ ይገባል፤ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ቤተሰቡን እያጫወተ ከቤት እንዳይወጣ ይይዛል። የሚጎዳቸውን ነገር ሁሉ ከአጠገባቸው ያርቃሉ፤ ሐዘንተኛ ራሱን የሚጥልበት አይታወቅምና እሳትም አይተዉም። ኃይለመስቀል ራሱ ለስንቱ ቤት ተልኳል። አንድ ጊዜ ሞፈር ልዋስ ብሎ ገብቶ ስለ ሞፈር ሲያወራ አርፍዷል።

ማን ይሆን? ዓለም ከተማ ያለው ወንድሙ ታሞ ከርሟል። እሱ ይሆናል፣ ይላል በልቡ። ቀጥሎም እሱ ይሁን፣ ይላል፤ ባለው ነገር ራሱ ይደነግጣል።

«‹አኢንዳ› የት ይገባል?» ትጠይቃለች ፀደንያ። «አሁንም ማለቱ።»

«ከግሡ በፊት።»

«‹ላ›ስ? እዚያ ማለቱ?»

«ከግሡ በኋላ።»

ዓይኗን ጨፍና ትገጣጥማለች። «ሜው ኢርማውን አኢንዳ ቪቭ ላ።» ወደ አባቷ ዞር ትላለች። «ወንድሜ አሁንም እዚያ ይኖራል፣ ማለት ነው አባዬ።»

ፈሪድ አመዱን ያያል።

«ልክ ናት?» ይላል ኃይለመስቀል።

«ሰዋስዉ ልክ ነው» ይላል ፈሪድ። ቀና አይልም።

ከደጅ የበቅሎ ኮቴ ይሰማል። ሰዎቹ አንዱን ሽማግሌ ደግፈው ሲያወርዱ ኃይለመስቀል ያያል። ጣሂር ነው፣ የፈሪድ አባት። ጉልበቱ ከያዘው ወዲህ ከቆላው ወጥቶ አያውቅም፤ ልጁን ለመጠየቅ እንኳ ሞላሌ አይመጣም።

ዱሮ የጣሂር ሚስት ሐቢባ ስትሞት፣ ኃይለመስቀል በዝናብ ገደሉን ወርዶ ቃሬዛዋን ተሸክሟል። ከዚያ ወዲህ በተገናኙ ቁጥር ጣሂር «የለቅሶ ብድርህ አለብኝ» ይለዋል። ኃይለመስቀልም «በምንይሉ ሠርግ ትመልሰዋለህ» ይላል። ይሳሳቃሉ።

ጣሂር ደፉ ላይ ጫማውን ያወልቃል። ግድግዳውን እየዳሰሰ መጥቶ ከመደቡ ላይ፣ ከኃይለመስቀል ጎን ይቀመጣል። ከኋላው ሰዎቹ አንድ በአንድ እየገቡ በሩን ይሞላሉ። ቤቱ ይጨልማል።

«ኃይሌ» ይላል ጣሂር።

«በሠርግ ነበር ያልነው» ይላል ኃይለመስቀል።

«በሠርግ ነበር» ይላል ጣሂር፤ እጁን ይይዘዋል፣ አይለቀውም።

ጥሩሸዋ እስሯን እንዳዘለች አንዴ ባሏን አንዴ ጣሂርን ታያለች። ፀደንያ መምህሯን ታያለች። የፈሪድ ጣቶች ይፈታሉ፤ ቆሎው ፍሬ በፍሬ ቀዝቃዛው አመድ ላይ ይረግፋል።