የያረጋል ዕጣ

ትሁት ጫማዋን አውልቃ ወንድሟን በተኛበት ትቀጠቅጠዋለች። ፊቱን፣ ትከሻውን፣ ያገኘችውን።

«ባሌን ወግተህ አዲሱን መድኃኒት ደግሞ አንተ ትወስዳለህ?»

ያረጋል ራሱን እንኳ አይከላከልም። ባሏ አምኃ አጠገቡ ባለው አልጋ ላይ ያቃስታል። ካላክላ ሰፈር ባለው ቤታቸው ውስጥ ትሁትን ሲደበድባት ያረጋል ደርሶ ሆዱን በጩቤ ወጋው፤ እሱም በጠርሙስ ስባሪ የያረጋልን ክንድ ዘነጠለው። በአንዲት ባለሦስት እግር ራክሻ ተጭነው ሲመጡ እንኳ ይራገጡ ነበር። ኦፕራሲዮን ክፍሉ እስኪለቀቅ የእኔ የነርሷ ጣጣ ናቸው።

ዘንድሮ ሆስፒታላችን ጥናት የሚሉትን ነገር ከዘወትር ሕክምናው ጋር ቀላቅሎታል። ደም የሚፈሰው ሰው መጥቶ መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ ስከፍት ማሽኑ ራሱ ዕጣ ያወጣል፤ ለአንዱ የተለመደውን መርፌ፣ ለሌላው አዲሱን። ጥናቱ ውስጥ እንዲገቡ ለሁለቱም የፈረመችው ትሁት ናት። አዲሱ ለያረጋል ወጣ። እኔም ንድድ ብሎኛል። ሰው ቢሆን ይለመናል፤ ማሽን ምን ይባላል?

«ሲስተር» ይላል ያረጋል ከጫማው ሥር፣ «ዕጣዬን ለሱ ለቅቄያለሁ። እቁብ ላይ ለተቸገረ ይለቀቅ የለ?»

«ይሄ እቁብ አይደለም። የቱ እንደሚሻል እኛም አናውቅም። ዕጣ የሚወጣው ለዚያ ነው።»

«አታውቁም?» ትሁት ጫማውን ወደ እኔ ታዞራለች። «ወላሂ፣ አንቺንም እፈነክትሻለሁ!»

አምኃ አንገቱን ቀና ያደርጋል። «ከሱ እጅ? ብሞት አልወስድም!»

በጥፊ አጮለችው። ሆዱ የተቀደደውን ሰውዬ፣ በጥፊ። «ትወስዳለህ!»

«እንግዲያው እኔም ይቅርብኝ!» ያረጋል የተሰካለትን መርፌ መንጭቆ ይጥላል፤ የቁስሉን ፋሻም ይቦጭቀዋል። ደሙ አንሶላውና ግድግዳው ላይ ይረጫል። ልይዘው ስል ደረቴን በእርግጫ ይለኛል።

«ኻላስ! በቃ! ኻላስ!» እያለ ሐኪሙ ሮጦ ሲገባ አምኃ ከአልጋው ተንከባልሎ ያረጋል ላይ ወድቋል። ሊያንቀው መስሎን ሦስታችንም ወገቡን ይዘን እንጎትተዋለን፤ ትሁት በአንድ እጇ ጀርባውን በቡጢ ትደልቀዋለች።

አንገቱን አይደለም የያዘው። ደም የሚፈስበትን ክንድ ነው፤ በሁለት እጁ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«እሰሩለት» ይላል አምኃ፣ «ቶሎ እሰሩለት።»

እኔ ፋሻውን ስጠመጥም የአምኃ ትንፋሽ ቆመ። ትሁት እየጮኸች ትስበዋለች፤ ጣቶቹ ከያረጋል ክንድ ላይ አልላቀቅ ብለዋታል።