ጋሪ ላይ የተጻፈ ምርቃት

«አቁም! አቁመው፣ ኔትወርክ ገባ!» ሽመክት ስልኩን ወደ ሰማይ ሰቀለ። ጋሪ ነጂው አየነው ልጓሙን ሲስብ፣ ከዳንግላ ገበያ የሚመለሱት ጎረቤታሞች እርስ በርስ ተላተሙ።

ይታይሽ የጋሪውን ጠርዝ ጨብጣ ዓይኗን መንገዱ ላይ ተከለች። ለመንደሩ የውኃ ጉድጓድ የተዋጣውን ብር ከየቤቱ ሰብስባ ለወረዳው ያስገባችው እሷ ነበረች። ጉድጓዱ ሲዘገይ «በላችው» ተባለ። ደረሰኝማ ነበራት፤ ግን «ደረሰኝ ማንም ያሠራል» አለ ሽመክት፣ አገሩም ተከተለው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሷ ግን በቁሟ ሊቀበር ምን ቀረው? ሰንበቴ ላይ እንኳ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቶ ነበር።

ዛሬ ገበያው ውስጥ፣ ወረዳው ከበላይ በታዘዘው መሠረት የመዋጮውን ሒሳብ ፌስቡክ ላይ አወጣ ተብሎ ተወራ። ሽመክት ጉዷን በሰው ፊት ሊያነብ ቸኩሏል።

ገጹ ተንቀራፎ ተንቀራፎ ተከፈተ። «የሕዝብ መዋጮ… የእኛ ቀበሌ…» ብሎ ጀመረና ድምፁ ሰለለ። ኢንተርኔት የሚከፍት ስልክ ያለው እሱ ብቻ ነው። ቢዋሽ ማን ያውቅበታል?

ሽመክት ጉሮሮውን ጠረገ። «ሙሉ በሙሉ ገቢ ሆኗል ይላል። ሳንቲም አልጎደለም። የቁፋሮው ጨረታም ወጥቷል።» ከዚያ አንገቱን ደፋ። «እትዬ ይታይሽ፣ በደልሁዎ።»

እንባዋ ቀደማት። ልትወቅሰው ስንት ወር የቋጠረችው ነገር የት እንደገባ እንጃ፤ ደረቷን የሞላው ምስጋና ብቻ ነበር። እሱንም ጭምር አመሰገነችው፤ እውነቱን ሊውጠው ይችል ነበርና።

«ይኸን የጻፈው ማነው?»

«ስም የለውም፤ ጽሕፈት ቤቱ ነው።»

«መልስ ይጻፍበታል?»

«ከሥሩ ይጻፋል።»

«እንግዲያው የምልህን ጻፍ።»

አየነው ወርዶ ፈረሱን ያዘ። ይታይሽ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሹሞቹ ፊቷ የቆሙ ይመስል መዳፎቿን ዘረጋች። የሽመክት አውራ ጣት እየተደናበረ ተከተላት። ሲጨርስ፣ ያጎደለው እንዳይኖር ጮክ ብሎ አነበበላት፦

«ያጻፋችሁም የጻፋችሁም፣ እጃችሁ ይባረክ። ወልዳችሁ ሳሙ። እኔን እንዳወጣችሁኝ፣ እናንተንም ከክፉ ስም ይሰውራችሁ።»

«አሜን!» አለ ጋሪው በሙሉ።