ለዘይኑዲን የታረደው ሙክት

«ሙክት አሳርጄልህ ሽሮ ትላለህ?!»

ወልደገብርኤል ዳሱ ሙሉ ሰው እያየው ጮኸ...

ዘመኑ 1925 ዓ.ም. ነው። ቦታው አራዳ፣ የወልደገብርኤል ልጅ ሰርግ ላይ።

የተጮኸበት ዘይኑዲን ይባላል፤ አራዳ ገበያ የአቡጀዲ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሁለቱ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያደጉ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልተለያዩ ጓደኛሞች ናቸው።

መቼም የክርስቲያንና የሙስሊም ስጋ ለየብቻ ነው። ስለዚህ ወልደገብርኤል፣ ዘይኑዲን «ስጋ አልወድም» ሲል ቢኖርም «ለልጄ ሰርግማ ይበላል» ብሎ፣ ለጓደኛው ክብር ሙስሊም አራጅ አስጠርቶ ሙክት አሳረደ። ሌላ ገበታም አስዘረጋለት።

ዘይኑዲን ግን ገበታውን አልፎ መጣና ወልደገብርኤል አጠገብ ቁጭ አለ።

«እኔ ሽሮ ይበቃኛል፣ ወልዴ። ስጋ እንደማልወድ ታውቅ የለ?»

«አባ ሽሮ!» አለ አንዱ። ሰዉ ሳቀ።

ወልደገብርኤል ደሙ ፈላ።

«ንቀኸኛል! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!»

ዘይኑዲን ጋቢውን አደላድሎ ወጣ።

አንድ ወር... ሁለት ወር... ወልደገብርኤል በዘይኑዲን ሱቅ በር ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። «እሱ ይምጣ!» ይላል።

በሦስተኛው ወር ዘይኑዲን በድንገተኛ ትኩሳት ሦስት ቀን ታሞ ሞተ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ የሟች ሚስት ረሂማ ለወልደገብርኤል ሽሮ አቀረበችለት።

«እሱም ስጋ አይወድም ነበር...» አለ እንባውን እየጠረገ።

ረሂማ ቀና አለች።

«ማን? ዘይኑ? ስጋ ካልቀረበለት የሚያኮርፈው ዘይኑ?»

ወልደገብርኤል ደነገጠ።

«እርስዎ ባሉበት ብቻ ነው የማይበላው፣ ጋሼ ወልዴ...» አለች። «ትምህርት ቤት የገባችሁ ቀን፣ ለምሳ ስትወጡ ልጆቹ ሁሉ ሙስሊም ነው ብለው ከእሱ ርቀው ተቀመጡ አሉ። ቆሎውን ይዞ ብቻውን ሲያለቅስ፣ እርስዎ እናትዎ የቋጠሩልዎትን ጥብስ ትተው ቆሎውን አብረውት በሉ። ‹ወልዴ ለእኔ ብሎ ስጋውን ትቷል፤ እኔም እሱ ባለበት በስጋ የተነሳ ገበታ አልለይም› ይለኝ ነበር።»

ወልደገብርኤል ያንን ቀን ጨርሶ ረስቶታል...

ዘይኑዲን ግን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አልረሳም!

«ከሰርጉ... ሲመለስ ምን አለሽ?» ብሎ ጠየቀ፣ መልሱን እየፈራ።

«‹ወልዴ ተቆጣኝ› አለኝ። ‹ግን አጠገቡ ተቀምጫለሁ› አለኝ።»

ጎልማሳው ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ፋሲካ ሲደርስ፣ ስጋ ከመቅመሱ በፊት አንድ እፍኝ ቆሎ ይበላ ነበር... ብቻውን።

ወዳጆቼ፣ ወዳጅ ቅር ሲያሰኛችሁ ከመጮህ በፊት «ለምን?» በሉ። ይቺ ቃል ወልደገብርኤልን ከበደችው፤ ዋጋዋን ያወቀው የሚመልስለት ሰው አፈር ከገባ በኋላ ነው። እናንተ የረሳችሁት ደግነት ደግሞ ሌላው ሰው ዕድሜ ልኩን ይዞት የሚኖረው ሊሆን ይችላል።

እናንተስ... «ምነው በሕይወት እያለ በጠየቅኩት» የምትሉት የትምህርት ቤት ጓደኛ አላችሁ? ስሙን ብቻ ኮመንት ላይ ጻፉልን... 🕊